ስታዲየም የገባው ሙሾ

ሴፕቴምበር 23 ቀን 2023፣ ፓሪስ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አለዚያ እናንተም እኔም እንምታታለን።) የራግቢ የዓለም ዋንጫ ነው። አየርላንድ ደቡብ አፍሪካን 13 ለ 8 ረትታለች። ስታድ ደ ፍራንስ አረንጓዴ ማሊያ በለበሰ ደጋፊ ተጥለቅልቋል። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ በድምፅ ማጉያው አንድ የቆየ ዘፈን ተለቀቀ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጉሮሮ ተቀበለው።

ዘፈኑ ክራንቤሪስ የተባለው የአየርላንድ ሮክ ባንድ «ዞምቢ» ነው።

ቪዲዮው በማኅበራዊ ሚዲያ መዘዋወር ሲጀምር ደስታው ወደ ጭቅጭቅ ዞረ። አንዱ ወገን «ይሄ አይአርኤ የተባለውን ታጣቂ ቡድን የሚያወግዝ ዘፈን ነው፣ የሰሜኖቹን ቁስል ይነካል፣ እንዴት የደጋፊ መዝሙር ይሆናል?» አለ። ሌላው «የሰላም ዘፈን ነው፣ ደግሞም የራሳችን ልጅ ዘፈን ነው፣ ምን ነካችሁ?» አለ። ስለ ሞቱ ሕፃናት የተዘፈነን ነገር ቢራ ይዞ መጨፈር ምን የሚሉት ነው ብሎ የታዘበም ነበር።

ጭቅጭቁ የከረረው በከንቱ አይደለም። ሰሜን አየርላንድ የብሪታኒያ አካል ናት። ደቡቡ ነጻ ሪፐብሊክ ነው። በእግር ኳስ ሁለት ብሔራዊ ቡድን አላቸው። በራግቢ ግን አንድ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያሉት ተጫዋቾች አንድ ማሊያ ይለብሳሉ። ማንም ቅር እንዳይለው ለቡድኑ ብቻ የሚሆን መዝሙር እስከማሠራት ደርሰዋል። እንዲህ ተጠንቅቀው በያዙት ቤት ውስጥ ነው «ዞምቢ» ሰተት ብሎ የገባው።

እኛ ከአየርላንድ ሮክ ጋር ያለን ትውውቅ ባብዛኛው ቦብ ጌልዶፍ ነው። እሱንም የምናውቀው በዘፈኑ ሳይሆን በኛው አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። «ዞምቢ»ን ግን ያልሰማ ጆሮ ጥቂት ነው። ስሙን የማያውቅ እንኳ አዝማቹን ያውቃል። እኔ ራሴ ለዓመታት ስለሚራመድ ሬሳ የተዘፈነ የፊልም ዘፈን ይመስለኝ ነበር። እንግሊዝኛው በደንብ ሳይገባኝ አዝማቹን ግን አብሬ እጮህ ነበር። ግጥሙን ቁጭ ብዬ ያነበብኩ ቀን ትንሽ አፈርኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ዋሪንግተን ነው። በሊቨርፑልና በማንችስተር መሃል ያለች የእንግሊዝ ከተማ ናት። ማርች 20 ቀን 1993 ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ እሑድ በእንግሊዝ የእናቶች ቀን ነው። ብሪጅ ስትሪት የሚባለው የገበያ መንገድ በሰው ተሞልቷል። አይአርኤ በመንገዱ ላይ ካሉት የቆሻሻ መጣያዎች ሁለቱ ውስጥ ፈንጂ አስቀምጧል። መጣያዎቹ ከብረት የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ሲፈነዱ ራሳቸው ፍንጣሪ ሆኑ። የመጀመሪያው ሲፈነዳ ሰዉ ሸሸ። የሸሸው ግን ሁለተኛው ወዳለበት ነበር።

የሦስት ዓመት ሕፃን እዚያው ሞተ። ለእናቱ ካርድ ሊገዛ ነበር የወጣው። የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከአምስት ቀን በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ከ50 በላይ ሰው ቆሰለ። አይአርኤ ድርጊቱ የኔ ነው አለ። ግን ማስጠንቀቂያ ደውለን ነበር ብሎ ጥፋቱን ወደ ፖሊስ ገፋ።

አይአርኤ ሰሜን አየርላንድን ከብሪታኒያ አላቅቆ ከደቡቡ ጋር ለማዋሐድ ይዋጋ የነበረ የታጠቀ ቡድን ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የሰላም ስምምነት ድረስ በነበረው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰው ሞቷል። ሁሉንም የገደለው አይአርኤ አይደለም። የብሪታኒያ ጦርም ገድሏል። ለብሪታኒያ ታማኝ ነን የሚሉ ታጣቂዎችም ገድለዋል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያን ጊዜ የክራንቤሪስ ልጆች ለሙዚቃ ጉብኝት እንግሊዝ ውስጥ ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በዚያው ወር ነው። ሊመሪክ ከምትባል የደቡቡ ከተማ የመጡ አራት ወጣቶች ናቸው። ወንድማማቾቹ ኖኤልና ማይክ ሆጋን ጊታርና ቤዝ ይጫወታሉ። ፈርጋል ሎውለር ድራም ላይ ነው። ድምፃዊቷ ዶሎሬስ ኦሪዮርዳን ገና 21 ዓመቷ ነበር። ባሊብሪክን ከተባለ የሊመሪክ ገጠር የወጣች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ስትጫወትና ስትዘምር ያደገች ልጅ ናት። በ1990 ለባንዱ ድምፃዊነት ልትፈተን ስትመጣ ኖኤል ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ የጊታር ድምፆች) የተቀረጹበት ካሴት ሰጣት። ይዛው ሄደች። ስትመለስ ግጥምና ዜማ ሠርታለት ነበር። ያ ዘፈን «ሊንገር» ነው፣ ባንዱን አሜሪካ ውስጥ ያስተዋወቀው የፍቅር ዘፈን። እንግዲህ ያኔ ክራንቤሪስ ማለት ለስለስ ያለ ጊታር፣ የተሰበረ ልብ፣ ትንሽ ዓይን አፋርነት ነው።

«ዞምቢ»ን ዶሎሬስ ብቻዋን ጻፈችው። ባንዱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኖኤል ኮርድ አውጥቶ እሷ ግጥምና ዜማ ጨምራበት ነው። ይሄኛው ግን ሙሉ በሙሉ የሷ ነው። ከጉብኝቱ ስትመለስ ሊመሪክ ባለው ቤቷ በአኩስቲክ ጊታር ሠራችው። ልምምድ ክፍል ይዛው ስትገባ ጠባዩን ቀየረችው። ኤሌክትሪክ ጊታር አነሳች። አዝማቹ ላይ ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል ረገጠችው። ፈርጋልንም ድራሙን ጠንከር አድርጎ እንዲመታ ነገረችው። ባንዱ ከዚያ በፊት እንዲህ ተቆጥቶ አያውቅም።

እስቲ አንዴ ልብ ብላችሁ ስሙት። መግቢያው ከባድ ነው። ከዚያ ጫናው ድንገት ይነሳል። ድራሙ፣ ቤዙና የተለሳለሰ ጊታር ብቻ ይቀራሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው የመጀመሪያው ስንኝ ስለ አንድ ልጅ የሚናገረው። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ልቧ የተሰበረ እናት ትመጣለች። በድንጋጤ ጊዜ ቤት ውስጥ እንደሚወራው ነው የምታወራው፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ከዚያ አዝማቹ ይመጣና ጣሪያው ይነሳል።

ገራሚው ነገር ኮርዱ አለመቀየሩ ነው። አራት ኮርድ ነው ያለው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አራቱ ይሽከረከራሉ፣ ስንኙ ላይም አዝማቹ ላይም። የሚቀየረው ድምፁ የሚመታበት ኃይል ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ ዝግ ብሎ ጀምሮ አዝማቹ ላይ መፈንዳት የዘመኑ ፋሽን ነበር። ኒርቫና የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ በዚያ መንገድ ዓለምን ካዳረሰ ገና ሁለት ሦስት ዓመቱ ነው። ስለዚህ በአደረጃጀት በኩል «ዞምቢ» አዲስ ነገር አላመጣም። የዘመኑን ልብስ ነው የለበሰው። ከልብሱ ውስጥ ያለው ሰውነት ግን የሌላ ዘመን ነው።

ድምፁን ማለቴ ነው። ዶሎሬስ አዝማቹ ላይ የዘፈኑን ስም አንድ ጊዜ ጠርታው አትተወውም። ትሰብረዋለች። የመጨረሻውን ድምፅ ትጎትተዋለች፣ መልሳ ታነሳዋለች፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ታንቀጠቅጠዋለች። ድምፁ ከደረት ወደ ራስ በድንገት ይዘላል። ፈረንጆቹ ይህን ሲሰሙ ከተራራ ላይ እንደሚጣሩ የስዊስ እረኞች ነው ይላሉ። እኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ናት የምትታየኝ።

አየርላንዳውያን እንደኛው የሙሾ ባህል ነበራቸው። በቋንቋቸው ክዊነ ይሉታል። ሬሳው ባለበት ሴቶች ተሰብስበው ያወርዳሉ። መሪዋ የሟቹን ስም እየጠራች፣ ደግነቱን እያነሳች፣ ሞትን እየሞገተች ግጥሙን ትሰጣለች። ሌሎቹ ቃል በሌለው እንጉርጉሮ ይቀበሏታል። ለዚህ ሥራ በገንዘብ የሚጠሩ አስለቃሾችም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን አልወደደችውም። ቀስ እያለ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጋር ጠፋ። የኛም ካህናት ደረት መምታቱንና ፊት መንጨቱን ሲገሥጹ ነው የኖሩት፤ እኛ ግን እስካሁን አልተውነውም።

ሙሾ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። አስለቃሽ ዳኛ አይደለችም። ማን ገደለው፣ ለምን ገደለው፣ ከዚያ በፊትስ ማን ምን አድርጎ ነበር ብላ መዝገብ አትከፍትም። ሬሳውንና እናቲቱን ነው የምታየው። ለቀስተኛው ሁሉ የየራሱን ሟች አስታውሶ እንዲያለቅስ ቦታ ትለቃለች። «ዞምቢ»ም የሚሠራው እንዲህ ነው። ግጥሙ ውስጥ ዋሪንግተን የለችም። አይአርኤ የለም። ብሪታኒያም አየርላንድም በስም አልተጠሩም። ታንክ፣ ቦምብ፣ ጠመንጃ፣ ልጅ፣ እናት ነው ያለው። ብቸኛዋ ምልክት አንዲት ዓመት ናት፣ 1916።

የዘፈኑ ስኬትም ጣጣውም ከዚህ ባዶ ቦታ የመጣ ይመስለኛል። ስም ስላልጠራ የትም አገር ያለ ሰው ገባበት። ስም ባለመጥራቱ ደግሞ በቅርብ ያሉት ተቀየሙት። ዓመቷ ላይ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ወደ ገበያው።

አሳታሚው አይላንድ ሬከርድስ ዘፈኑን አልወደደውም። «ሊንገር»ን የወደደ አድማጭ ሌላ «ሊንገር» ነው የሚፈልገው፤ ስለ አየርላንድ ፖለቲካ የሚጮህ ነጠላ ዜማ ማን ይገዛል? የባንዱ ማኔጀር የነበረው አለን ኮቫክ ሲናገር፣ ኩባንያው ይሄን ትታ ሌላ ዘፈን እንድትሠራ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ ቢያቀርብላት ቀዳደደችው ይላል። የማኔጀር ወሬ ሁልጊዜ ትንሽ ቅመም አያጣውም። ቼኩ ምንም ይሁን ምን፣ በሴፕቴምበር 1994 የሁለተኛው አልበም የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ ሆኖ የወጣው «ዞምቢ» ነው። ያሸነፈችው እሷ ናት።

ክሊፑን የሠራው ሳሙኤል ባየር ነው፣ ኒርቫናን በቴሌቪዥን ያስተዋወቀውን ክሊፕ የሠራው ሰውዬ። ባየር የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ቤልፋስት ድረስ ሄዶ ቀረጸ። በክሊፑ ላይ የምታዩዋቸው ወታደሮች ተዋንያን አይደሉም። መንገድ ላይ ሲቃኙ የነበሩ እውነተኛ የብሪታኒያ ወታደሮች ናቸው። በግድግዳዎቹ ላይ የተሳሉት ታጣቂዎችም የሠፈሩ ናቸው። ልጆች በፈራረሰ ሠፈር ውስጥ ጦርነት ጦርነት ሲጫወቱ ይታያሉ። በየመሃሉ ዶሎሬስ ከራስ እስከ እግሯ ወርቅ ተቀብታ መስቀል ሥር ትቆማለች፤ ዙሪያዋን ብር የተቀቡ ሕፃናት አሉ። ቢቢሲ ክሊፑን እንዳለ አላሳይም አለ። የወታደሮቹና የጠመንጃዎቹ ምስል ነው ያስፈራው። ባንዱ መድረክ ላይ ሲጫወት የሚያሳይ ለዘብ ያለ ቅጂ ነው ለተመልካች የቀረበው።

እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ማየት ደስ ይላል። ብሪታኒያ ውስጥ ዘፈኑ ከ14ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም። በገዛ አገሯ አየርላንድ 3ኛ ሆነ። ወደ ሩቅ በሄደ ቁጥር ግን ከፍ እያለ ሄደ። በጀርመንና በፈረንሳይ አንደኛ ሆነ። በአውስትራሊያ ስምንት ሳምንት አንደኛ ላይ ተቀመጠ። በ1995 የኤምቲቪ አውሮፓ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ብሎታል። ሬሳው በወደቀበት ሠፈር ለቅሶው ከባድ ነው፤ ስለ ሰበቡም ይነታረኩበታል። ሩቅ አገር የሚሰማው ዜማው ብቻ ነው።

አሜሪካን ለብቻው ላንሳው። በዋናው የቢልቦርድ መቶ ሰንጠረዥ ላይ ዘፈኑን ብትፈልጉት አታገኙትም። ስላልተሰማ አይደለም። በዘመናዊ ሮክ ራዲዮ ሰንጠረዥ ላይ ስድስት ሳምንት አንደኛ ነበር። ነገሩ የንግድ ብልጠት ነው። ያኔ አንድ ዘፈን ዋናው ሰንጠረዥ ውስጥ ለመግባት በነጠላ ለገበያ መቅረብ ነበረበት። ደንቡ የተሻረው በ1998 መጨረሻ ነው። ኩባንያው «ዞምቢ»ን በነጠላ አልሸጠም። ዘፈኑን የፈለገ ሙሉ አልበሙን ይግዛ ነው ነገሩ። ተገዛም። አልበሙ በአሜሪካ ብቻ የ7 ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ አግኝቷል። የዚያን ዘመን ሰንጠረዥ እያየ «ይሄ ዘፈን ሂት አልነበረም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ሌላም የሚነገር ተረት አለ። አይአርኤ ተኩስ ያቆመው በዚህ ዘፈን ምክንያት ነው ይባላል። ቀኑን ማየት ይበቃል። አይአርኤ ተኩስ ማቆሙን ያወጀው ኦገስት 31 ቀን 1994 ነው። ዘፈኑ ለሽያጭ የወጣው ከዚያ በኋላ በሴፕቴምበር ነው። እንዲያውም ጊዜው የገጠመው በተቃራኒው ይመስለኛል። ሰዉ ትንሽ ትንፋሽ ባገኘበት ሰሞን ነው የወጣው። መድፍ ሲያጓራ ሙሾ የሚሰማ የለም። ለቅሶ የሚወጣው ዝም ሲል ነው። ተኩስ አቁሙ ደግሞ ብዙ አልቆየም። በፌብሩዋሪ 1996 ለንደን ውስጥ በፈነዳ ቦምብ ፈረሰ። ሁነኛው ስምምነት የመጣው በኤፕሪል 1998 ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው። ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው።

የዋሪንግተኑ የ12 ዓመት ልጅ የሞተው ማርች 25 ቀን 1993 ነው። በዚያው ቀን ካስልሮክ በምትባል የሰሜን አየርላንድ መንደር ታጣቂዎች አራት ካቶሊክ ወንዶችን በጥይት ገደሉ። (የሰሜን ካቶሊኮች ባብዛኛው ከደቡቡ ጋር መዋሐድን የሚደግፉ ናቸው።) ገዳዮቹ ከሌላኛው ወገን ናቸው፣ ለብሪታኒያ ታማኝ ነን ከሚሉት። በዋሪንግተን ሰበብ ደብሊን ውስጥ ሰው በሺዎች አደባባይ ወጣ። ዓለም ያወቀው ዘፈንም ተዘፈነ። ለካስልሮክ ማን ዘፈነ? የሰሜን ካቶሊኮች ቅሬታ ይህ ነው። የኛ ሬሳ ለምን ሬሳ አይሆንም ነው የሚሉት። ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኛ አገርም ይህን ጥያቄ በተለያየ ቋንቋ ሲጠየቅ ሰምተነዋል።

ግጥሙ ውስጥ ደግሞ የሚቆረቁር ስንኝ አለ። ይህን ያደረግሁት እኔ አይደለሁም፣ ቤተሰቦቼም አይደሉም የሚል ሐሳብ። ዶሎሬስ ስትጠየቅ ግልጽ አድርጋ መልሳለች፦ አይአርኤ እኔን አይወክልም፣ ቤተሰቤንም አይወክልም። እንግሊዝ አገር እየዞረች የምትዘፍን የአየርላንድ ልጅ ናት። በሷ ሕዝብ ስም ሕፃን ተገድሏል። በስሜ አታድርጉት ማለቷ ነው፣ እኔ የሚገባኝ እንደዚያ ነው። ቤልፋስት ውስጥ ቤቱ የተፈተሸበትና ልጁ የታሰረበት ሰው ግን የሚሰማው ሌላ ነው። «ደቡቦቹ እጃቸውን ታጠቡ፣ በኛ ችግር ውስጥ የሉበትም» የሚል ነው የሚሰማው። ሁለቱም ያው ስንኝ ነው የሚያዳምጡት።

ከዚያ ዓመቷ አለች። 1916 ለአየርላንዳዊ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። በዚያ ዓመት የፋሲካ ሰሞን ደብሊን ውስጥ በብሪታኒያ ላይ ዓመፅ ተነሳ። ከሸፈ። መሪዎቹ ተረሸኑ። ነጻይቱ አየርላንድ ራሷን የምትወልደው ከዚያ ነው። በትምህርት ቤት የሚማሩት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ነው። አንዲት የ21 ዓመት ልጅ ተነስታ ያንን ዓመትና የዋሪንግተኑን የቆሻሻ መጣያ በአንድ ስንኝ ውስጥ አገናኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ ያው ነው፣ አልተቀየረም አለች። ታሪክ ጸሐፊ ይህን አይቀበላትም፤ ብዙ ነገር ጨፍልቃለች። ያኔ የዋህነት ነው ብለው የተሳለቁባት ተቺዎች ነበሩ። እኔ ግን ከዘፈኑ ሁሉ ደፋሯ ቃል ይህቺ ቁጥር ትመስለኛለች። የታሪክ ትንታኔ ብሎ ለሚያነባት ደካማ ናት። የአስለቃሽ ቃል ብሎ ለሚሰማት ግን ትክክል ናት። ልጇ የሞተባት እናት ፊት ስለ ምዕራፍ ልዩነት አይወራም።

ቁጥሯ በኋላ የራሷን ጉዞ ሄደች። ባድ ዉልቭስ የሚባል የአሜሪካ ከባድ ሮክ ባንድ «ዞምቢ»ን እንደገና ሲሠራው 1916ን ወደ 2018 ቀየራት። የሰው አልባ አውሮፕላንም ስንኙ ውስጥ ጨመረ። ዶሎሬስ ራሷ በዚህ ቅጂ ላይ ድምፅዋን ልትጨምር ተስማምታ ነበር። ጃንዩዋሪ 15 ቀን 2018 ለንደን ውስጥ ስቱዲዮ ልትገባ ተቀጥሮላታል። በዚያ ቀን ግን ያረፈችበት ሆቴል ውስጥ ሞታ ተገኘች። 46 ዓመቷ ነበር። የአስከሬን መርማሪው በኋላ እንዳስታወቀው፣ አልኮል ጠጥታ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰጥማ ነው።

ባድ ዉልቭስ ያለሷ ለቀቀው። በአሜሪካ የሮክ ራዲዮ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ባንዱ ከገቢው 250,000 ዶላር ለሦስት ልጆቿ ሰጠ። የሙዚቃ ጣዕሜን ከጠየቃችሁኝ፣ የነሱን ቅጂ አልወደውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለሚጮህ ጩኸቱ ጩኸትነቱን ያጣል። ያም ሆኖ ዘፈኑን የአባቶቹን ሲዲ ነክቶ ለማያውቅ ትውልድ ያደረሰው እሱ ነው። ሰዉ ከዚያ ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። በኤፕሪል 2020 የድሮው ክሊፕ በዩቲዩብ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ታየ። ከአየርላንድ ባንዶች ይህን ያገኘ ከነሱ በፊት አልነበረም።

እንግዲህ ፓሪስ ስታዲየም ውስጥ የነበሩትን ዘማሪዎች በዚህ ዓይን ነው የማያቸው። ሊመሪክ የራግቢ ከተማ ናት። ደጋፊዎቿ ከዓለም ዋንጫው በፊትም ዘፈኑን ይዘምሩት ነበር። ለነሱ ስለ አይአርኤ ከመሆኑ በፊት ስለ ዶሎሬስ ነው። የሠፈራቸው ልጅ ናት፣ ቀድማ ሄዳለች፣ ስሟን የሚያነሱት በዘፈኗ ነው። ከዘማሪው መሃል ከስምምነቱ በኋላ የተወለደው ጥቂት አይሆንም። ዋሪንግተን የትኛው ካርታ ላይ እንዳለች ብትጠይቁት ግራ የሚገባው ይኖራል። እና ይህ ነውር ነው? የለቅሶ ዜማ ሠርግ ላይ ሲገባ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ይህንን አልክድም። ግን ቤልፋስት ላይ ያደገ ሰው ጆሮውን ቢይዝ አልፈርድበትም፣ የሊመሪክ ልጅ ቢዘምርም አልፈርድበትም። ዘፈኑ ይከልከል የሚሉት ብቻ አይገቡኝም። ሙሾን ማን ከልክሎት ያውቃል?

አንድ ሰው ግን ቀርቶኛል። የዋሪንግተኑ የ12 ዓመት ልጅ አባት። ልጁ ከሞተ በኋላ ሕይወቱን ለሰላም ሥራ የሰጠ ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር በሁለቱ ልጆች ስም የሰላም ተቋም መሠረቱ፣ ለዓመታትም ከወዲያም ከወዲህም ያሉትን ሰዎች ሲያነጋግሩ ኖሩ። ዘፈኑ ዓለምን ሲዞር፣ አንደኛ ሲወጣ፣ ሲሸለም፣ ስለ ልጁ መሆኑን አያውቅም ነበር። ዶሎሬስ የሞተች ሰሞን፣ በጃንዩዋሪ 2018፣ ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ነገረችው። ለቢቢሲ እንደተናገረው ላፕቶፑን ከፈተ። ክሊፑን ፈልጎ አገኘው። የባንዱን ልጆች አየ፣ ዶሎሬስን አየ፣ ቃሎቹንም አዳመጠ። ልጁ ከሞተ ወደ 25 ዓመት ሊሆነው ነበር።